ክረምቱን ከልጆች ጋር፦ ብዙ ብር ሳናወጣ የት እንሂድ?

የጀሞዋ እናት — ሐምሌ 5

ሰላም ለሁላችሁ። ትምህርት ከተዘጋ ሁለት ሳምንት ሆነው። ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቁ አሥራ አንድ፣ መካከለኛው ስምንት፣ ትንሿ አምስት ዓመቷ ነው። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደጁ ጭቃ፣ ቤቱ ጠባብ። ጠዋት የተከፈተ ቴሌቪዥን የሚዘጋው ማታ ነው። በመሃል ስልኬን ይቀማማሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ደግሞ ይጣላሉ። ትናንት ትንሿ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ዝናቡን እያየች «እማዬ፣ ክረምት መቼ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። እኔ በእሷ ዕድሜ ክረምት እንዳያልቅብኝ ነበር የምጨነቀው።

አምና አንድ የልጆች መጫወቻ ቦታ ወስጃቸው ነበር። መግቢያ ከፍለን ገባን። ከገባን በኋላ እያንዳንዱ ጨዋታ ለየብቻው ይከፈልበታል ተባልን። ካልሲ ሳይቀር እዚያው ግዙ አሉን። ሁለት ሰዓት ሳንቆይ የወሩን የዘይት ብር ጨርሼ ወጣሁ። ልጆቹም ደስ አላላቸውም። ሂሳቡን ስቆጥር ፊቴን እያዩ ነበር።

ዘንድሮ እንዲህ አስቤያለሁ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከነትራንስፖርቱ ከ500 ብር የማያስወጣ ቦታ ይዣቸው ልውጣ። መኪና የለንም። ባለቤቴ አብዛኛውን ጊዜ ክፍለ ሀገር ነው የሚሠራው። የት ልሂድ? ዝናቡንስ እንዴት ላድርገው? የሞከራችሁትን ንገሩኝ።

ባለ ፔርሙዙ — ሐምሌ 5

እህቴ፣ እኔ ከሁለት ልጆቼ ጋር ሦስት ክረምት እንዲህ አሳልፌያለሁ። ከቦታው በፊት ሰዓቱን ልንገርሽ። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ከቤት ከወጣሽ እስከ 6 እና 7 ሰዓት ድረስ ጥሩ ጊዜ ታገኛለሽ። ብዙ ሰው ቁርስ በልቶ፣ ቤት አጽድቶ፣ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ይወጣና ዝናቡ መንገድ ላይ ይቀበለዋል። ከዚያ «በክረምት ልጅ ይዞ መውጣት አይሆንም» ይላል።

ሁለተኛው ምግብ ነው። ብር የሚያልቀው መግቢያ ላይ ሳይሆን ልጅ ሲርበው ነው። እኔ ማታውኑ ድንች ቀቅዬ አድራለሁ። ጠዋት ዳቦ ውስጥ በቲማቲም ለውሼ እጠቀልለዋለሁ። ሻይ በፔርሙዝ፣ ሙዝ፣ አንድ ኩባያ ቆሎ። በቃ። ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ ቅያሪ ካልሲና ሹራብ በፌስታል አስሬ እይዛለሁ። እግሩ የረጠበ ልጅ አንበሳ ብታሳዪውም አይስቅም። ካልሲው ሲቀየር ግን ሌላ ልጅ ይሆናል። ከሁሉም የጠቀመኝ ይህቺ ካልሲ ናት።

መምህር ነኝ — ሐምሌ 6

በብሔራዊ ሙዚየም ጀምሪ። ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ ስትወጪ መንገድ ላይ ነው። መግቢያው ለአገር ሰው ከባድ አይደለም፤ ቢዘንብም ጣሪያ ሥር ናችሁ።

ብዙ ወላጅ «ይቺ ሉሲ ናት» ብሎ ልጁን ጎትቶ ያልፋል። አንቺ እንዲህ አድርጊ። ከመሄዳችሁ በፊት የልጆቹን ቁመት ግድግዳ ላይ ለኪ። ድንቅነሽ ሙሉ ሴት ሆና ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲም ግድም ብቻ ነበር። የአምስት ዓመቷ ልጅሽ ልታክላት ትችላለች። የተገኘችው በኅዳር 1967 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ለጎብኚ የሚታየው ቅጂው እንደሆነ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ዋናው አጥንት ተጠብቆ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ ሰላምን አሳዪያቸው። ሰላም በ1993 ዲኪካ ላይ የተገኘች ሕፃን ናት። ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ ነበረች፤ ግን ከድንቅነሽ ትቀድማለች፤ 3.3 ሚሊዮን ዓመት። ልጆች ስለ ልጅ ሲሰሙ ጆሯቸው ይቆማል።

ሁሉንም አዳራሽ ላዳርስ አትበይ። አንድ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ በእግራችሁ ወደ ስድስት ኪሎ ውጡ። የየካቲት 12 ሐውልት እዚያ ነው። ከፍ ላለው ልጅሽ በ1929 የሆነውን በሚችለው መጠን አስረጂው። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ቤቱ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ክፍል ሳይቀር ይታያል። ከሕንፃው ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ያለፈውን አንድ ዓመት ይወክላል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ስንት ደረጃ እንዳለው አልነግርሽም፤ ልጆቹ ይቁጠሩት። መታወቂያሽን ብቻ አትርሺ፤ በር ላይ ይጠየቃል።

አባት ከሰሚት — ሐምሌ 6

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ አልስማማም። ክረምት ልጅ የደከመበትን ትምህርት የሚያካክስበት ጊዜ ነው። የእኔ ልጅ ሒሳብ ይከብደዋል። ጠዋት ሰመር ክላስ ይገባል፣ ከሰዓት ቲቶር አለው። የሽርሽሩ ብር ለዚያ ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ። ለክፋት አይደለም፤ ዘመኑ የውድድር ስለሆነ ነው።

መምህር ነኝ — ሐምሌ 6

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ይገባኛል። እኔም ክረምት ክረምት አስጠናለሁ፤ እንጀራዬ ነው። የደከመ ልጅ መታገዝ አለበት። ነገር ግን ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ወንበር ላይ የከረመ ልጅ መስከረም ላይ ደክሞ ነው ክፍል የሚገባው። በየዓመቱ አያቸዋለሁ። ደብተሩን ከፍቶ ዓይኑ ግን መስኮት ላይ ነው።

እሑድን ብቻ ስጠው። ታክሲ ላይ ሂሳቡን እሱ ይክፈል። «ሁለት ሰው በ15 ብር፣ ከ50 ብር ስንት ይመለሳል?» የሚለውን ጥያቄ ወረቀት ላይ ሲያየውና ረዳቱ እጁን ዘርግቶ ሲጠብቀው አንድ አይደለም። ሒሳብ የፈራ ልጅ መልስ ሲቆጥር ፍርሃቱን ይረሳዋል።

አራት ኪሎ — ሐምሌ 7

ለዝናብ ቀን አብርሆትን አትርሱ። ፓርላማው አካባቢ ነው፤ በታኅሣሥ 2014 የተከፈተው ቤተ መጻሕፍት። ለልጆች የተለየ ክፍል አለው። አይከፈልበትም። የእኔ ልጅ መጀመሪያ ቀን ገጽ እየገለጠ ሥዕል ብቻ ነበር ያየው። ዝም አልኩት። በሦስተኛው ቀን አንድ መጽሐፍ ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ስንወጣ እየተቆጣ ነው የተነሣው።

የሚያካፋ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዝም ብሎ መራመድም አለ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው። ድሮ በዚያ መንገድ ልጅ እጁን ጨብጠሽ፣ አንድ ዓይንሽ ጉድጓድ ላይ፣ አንድ ዓይንሽ መኪና ላይ ነበር። አሁን ልጅ ከፊትሽ ሮጦ ተመልሶ ይመጣል። ፒያሳ ስትደርሱ የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። ከውጭ ማየቱ ብቻውን አንድ ሰዓት ይወስዳል።

ደርባባ — ሐምሌ 8

እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ሰው ሁሉ ስለ ጋራና ስለ ጫካ ሲያወራ ዝም ብዬ አነባለሁ። ለእሷ የሚሆን አላችሁ? ክረምቱን ሙሉ ከቤት ሳትወጣ ከርማ ታውቃለች። እህቶቿ ሄደው መጥተው ሲያወሩላት ትስቃለች፤ ማታ ግን ታለቅሳለች።

ባለ ፔርሙዙ — ሐምሌ 8

እህቴ፣ ወዳጅነት ፓርክን ሞክሪው። ሸራተን አካባቢ ነው። መንገዶቹ የተነጠፉና ሰፋፊ ናቸው፤ ውኃው ዳር ድረስ በመንኮራኩር ይደረሳል። ጠዋት ሂጂ፤ ሰው አይበዛም። ከመሄድሽ በፊት ሰዓቱንና መግቢያውን በስልክ አጣሪ። አራት ኪሎ ያለው ወንድማችን የጠቀሰው የእግረኛ መንገድም ለዊልቸር ጥሩ ነው። ዝናብ ካለ ትልቅ የላስቲክ ካፖርት ከነወንበሩ ያለብሳታል። ጃንጥላ አትያዢ፤ ሁለት እጅሽ ለመግፋት ያስፈልግሻል።

አያት ነኝ — ሐምሌ 9

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ሁሉ የልጅ ልጄ አነበበችልኝ፤ እኔ እየተናገርኩ እሷ ትጽፍልኛለች። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው።

እናንተ የምትፈልጉት ቦታ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን አንዱን ረስታችኋል። ልጆቹን ወደ እኛ አምጧቸው። ብዙ ሽማግሌ በዚህ ክረምት ብርድ ልብስ ተከናንቦ በር በር እያየ ነው የሚውለው። ልጆች ሲመጡ ቤቱ ይሞቃል። እኔ ምን አለኝ? አንድ የእንጨት ገበጣ አለኝ። ጠጠሩ ቢጠፋ ባቄላ ይተካዋል። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጆቼን አስተማርኳቸው። ትልቁ መጀመሪያ «አባባ፣ ይሄ በስልክም አለ» አለኝ። ሁለት ጊዜ ካሸነፍኩት በኋላ ስልኩን ረሳው። ከዚያ ስለ አባቴ ጠየቀኝ። ስለ አባቴ ሰው ከጠየቀኝ ስንት ጊዜዬ!

ዘመድ ገጠር ያላችሁ ደግሞ ላኳቸው፤ አብራችሁ ብትሄዱ ይበልጥ ጥሩ። ሐምሌ የጤፍ ዘር ጊዜ ነው። ልጅ በሬ ሲታረስበት አይቶ፣ ጭቃ ረግጦ፣ ወተት ሲታለብ አይቶ ይመለስ። እኔ ወደ ደብረ ብርሃን ማዶ ነው የምልካቸው። ሲመለሱ ይዘው የሚመጡት ወሬ እስከ ጥቅምት አያልቅም።

የጀሞዋ እናት — ሐምሌ 9

አባቴ፣ እድሜ ይስጥልኝ። አማቴ ኮልፌ ብቻቸውን ናቸው። የእርስዎን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ደወልኩላቸው። «መቼ ነው የምትመጡት?» አሉኝ እንጂ «ለምን?» አላሉኝም።

ከባሕር ዳር — ሐምሌ 10

የአዲስ አበባ ሰዎች ክረምትን ስትወቅሱ እሰማለሁ። እኛ ጋ ክረምት ማለት ጢስ ዓባይ ነው። በጋ ላይ የመጣ ሰው ቀጭን ውኃ አይቶ «ይሄ ነው?» ብሎ ይመለሳል፤ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ። በነሐሴ ግን ና ብዬ የምጠራው ሰው አያሳፍረኝም። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከመናኸሪያ ጠዋት አውቶብስ አለ። መኪና ኮንትራት ከመያዝ ጋር ወጪው አይገናኝም።

አምና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ሄድኩ። ከፏፏቴው ሳንደርስ ድምፁ ቀድሞ ደረሰን። ትንሹ ልጄ «አባ፣ አውሮፕላን ነው?» አለኝ። የድሮውን የድንጋይ ድልድይ ተሻገርን። በ1600ዎቹ የተሠራ ነው፤ እስካሁን ሰውም ከብትም ይሻገርበታል። ከዚያ ዳገቱን ወጥተን ዞር ስንል ውኃው ከፊታችን ቆመ። ቀለሙ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ጭሱ ተነሥቶ ፊታችን ላይ ሲያርፍ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸውን አወጡ። ዓባይን ቀመሱት። እኔም ቀመስኩ። አንድም ፎቶ አላነሣሁም፤ ሁለቱንም እጆቼን ልጆቼ ላይ አድርጌ ስለነበር።

ይሄን አጥብቄ እላለሁ፤ ድንጋዩ በክረምት ያንሸራትታል። ጫፍ ድረስ አትጠጉ። ሰንደል ሳይሆን ጥርስ ያለው ጫማ አድርጉላቸው። ከመንደሩ አንድ መንገድ የሚያውቅ ልጅ አስከትሉና ተገቢውን ክፈሉት።

የጀሞዋ እናት — ሐምሌ 13

ትናንት ወጣን!

2 ሰዓት ከሩብ ላይ ከቤት ወጣን። እስከ ሜክሲኮ አንድ ታክሲ፣ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ሌላ። ትንሿን ጭኔ ላይ አድርጌ የሦስት ሰው ከፈልኩ። ገንዘቡን የያዘው ትልቁ ነው፤ መምህር እንዳሉት። መልስ ጎደለብኝ ብሎ ረዳቱን ጠየቀው። እውነትም ጎድሎ ነበር። ረዳቱ ስቆ ጨመረለት። ልጄ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ዋለ።

ትንሿን ከመሄዳችን በፊት ለካኋት። 1 ሜትር ከ8 ሳንቲም። ድንቅነሽ ጋ ስንደርስ መስታወቱ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ወደ መስታወቱ ወሰደችው። «እማዬ፣ እኩል ነን» አለች። ቆይታ ደግሞ «እናቷስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን እንደምላት ቸገረኝ። «እሷም እናት ነበራት» አልኳት። ይህን ስትሰማ ትንሽ ዝም አለችና «እሺ» ብላ እጄን ያዘች። መካከለኛው ደግሞ የጃንሆይ ዙፋን ፊት ቆሞ ይሄ ሁሉ ለአንድ ሰው መቀመጫ ነው ብሎ ማመን አቃተው።

ስድስት ኪሎ ያለውን ደረጃ ሦስቱም ቆጠሩት። ሁለቱ አንድ ቁጥር አመጡ፤ አንዱ ሌላ። መሬቱን ቁጠር አትቁጠር ክርክር ተነሣ። ሦስት ጊዜ ደገሙት። እኔ አንበሳው ሥር ቆሜ ሻይ ጠጣሁ። ምን ያህል ጊዜ ነው ሻይ እንዲህ ሳልጣደፍ ከጠጣሁ?

7 ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ያዘን። የመካከለኛው ጫማ ጭቃ ውስጥ ተዋጠና በካልሲው ቀረ። ፌስታሏን ፈታሁ፣ ካልሲውን ቀየርኩ። ባለ ፔርሙዙ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ቤት ስንገባ ከ500 ብሩ 190 ተርፎ ነበር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ — ሐምሌ 14

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። እዚህ ወሩ ሙቀት ነው፤ እናንተ ከጭቃ ስትሸሹ እኛ ከፀሐይ እንሸሻለን። ሁለት ሥራ ነው የምሠራው፤ ለልጆች ሰመር ካምፕ የሚጠየቀው ብር ከአቅሜ በላይ ነው። ያተረፉኝ የዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ናቸው፤ መግቢያ አይከፈልባቸውም፣ ቀዝቃዛም ናቸው። ከቤት በሜትሮ እንሄዳለን። የእንስሳት ማቆያውም ነጻ ነው፤ ቀድሞ በኢንተርኔት መያዝና መኪና ከቤት ትቶ መሄድ ብቻ ነው፤ ፓርኪንጉ ይከፈልበታል።

ስለ ድንቅነሽ የጻፍሽውን ሳነብ ዕንባዬ መጣ። እኛም በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ የሰው ዘር አመጣጥ አዳራሽ ውስጥ የእሷን ዝርያ ፊት አይተናል። እዚህ የተወለደው ልጄ ከሥሩ «አፋር» የሚለውን አንብቦ «ማሚ፣ ይሄ ያንቺ አገር አይደል?» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። እኔም ጮክ ብዬ በአማርኛ «የአንተም ነው» አልኩት።

ቃሊቲ — ሐምሌ 20

ቀላል ባቡሩን ማንም አላነሣም። መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ሥራ ቦታ ለመሄድ ነው ያየነው፤ ለልጅ ግን ራሱ ጉዞው ሽርሽር ነው። ሰው የማይበዛበት ሰዓት፣ እሑድ ጠዋት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዛችኋቸው ሂዱ። ድልድዩ ላይ ሲወጣ ከተማዋ ከታች ስትታይ አፍንጫቸው መስታወት ላይ ይጣበቃል። ኪሳችሁን ጠብቁ፤ ልጆቹን በር አካባቢ አታቁሙ።

ሽሮ ሜዳ — ሐምሌ 27

እንጦጦ ለምትመጡ። እኔ እዚሁ ነው ያደግኩት። ፓርኩ ጥሩ ነው፤ ግን ለእኔ ትልቁ ነገር ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቆሞ ከተማዋን ቁልቁል ማየት ነው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነገሡት እዚያ ነው፣ በ1882። ከተማዋ ከዚያ ዳገት ነው ወደ ታች የወረደችው፤ ለልጆች እጅ ዘርግቶ ማሳየት ይቻላል። ብርዱ ሌላ ነው፤ ከታች በሹራብ የሞቀው ሰው እዚያ ጋቢ ይመኛል።

ጉም ሲወርድ ከዋናው መንገድ አትውጡ። መብረቅ ሲጀምር ባሕር ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ወንዝ ዳር ደግሞ በፍጹም። እናንተ ያላችሁበት ሳይዘንብ ከላይ ዘንቦ ጎርፍ ድንገት ይመጣል። በልጅነቴ የሰፈራችንን ልጅ የወሰደው እንዲህ ያለ ጎርፍ ነው። እስከ ዛሬ ያ ወንዝ ሲያጉረመርም ከልጆቼ አንዱን እጅ እይዛለሁ።

የጀሞዋ እናት — ነሐሴ 14

ትናንት ቡሄ ነበር። የብሎካችን እናቶች ተሰባሰብን። ፍልሰታ ስለሆነ ሙልሙሉን በዘይት ለወስነው። አንድ ጎረቤታችን ጅራፍ መግመድ ያውቃሉ፤ ከቃጫ ሠሩላቸው። ዘበኛው ሜዳው ላይ አስጮኸላቸውና ፎቁ ሁሉ አስተጋባ። ልጆቹ በየበሩ ሆያ ሆዬ እያሉ ዞሩ። አንዳንዱ ብር ሰጠ፣ አንዳንዱ ሙልሙል። ሦስተኛ ፎቅ ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለልጆቹ ትሪ ሙሉ ቴምር ይዘው ወጡ፤ ልጃቸውም ዱላውን ይዞ ከእኛዎቹ ጋር ዞረ። ማታ ችቦ አበራን። ትራንስፖርት ዜሮ።

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ስትል ጎረቤቴ፣ ትልቁ ልጄ «እንዴ! ገና አምስት ቅዳሜ ብቻ ነው የወጣነው» አለ።

አባት ከሰሚት — ነሐሴ 19

ሐምሌ ላይ የተከራከርኩት ሰው ነኝ። ዝም ብዬ ሳነባችሁ ከረምኩ። ባለፈው እሑድ ልጄን ይዤ ወጣሁ፤ ሁለታችን ብቻ። ከአያት ባቡር ይዘን ስታዲየም ወረድን። ሒሳብ አላነሣሁበትም። መንገድ ዳር አንዲት እናት በቆሎ ይጠብሱ ነበር። ሁለት ገዛን። ዝናቡ ሲጀምር አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልን። ልጄ በቆሎውን አንድ መስመር ሲበላ ይቆጥራል። ከዚያ መስመሮቹን ቆጠረ። አባዛው። «አባ፣ ስድስት መቶ ይጠጋል» አለኝ።

ሰመር ክላሱን አላስቀረሁም። የከሰዓቱን ቲቶር ግን ከአምስት ቀን ወደ ሦስት አወረድኩት። እሑድ የእኛ ነው። መምህር፣ አመሰግናለሁ።

ደርባባ — ጳጉሜን 1

እኔም ልንገራችሁ። ሦስት ጊዜ ወጣን። ሁለቱን ወዳጅነት ፓርክ፣ አንዱን አራት ኪሎ። ባለ ፔርሙዙ እንዳለው የላስቲክ ካፖርት ከነወንበሩ አለበስኳት። ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ሲሮጥ እኛ አልሮጥንም። ካፖርቱ ላይ የሚወርደውን ድምፅ እያዳመጠች ዓይኗን ጨፍና ነበር። አሁን ለእህቶቿ የምታወራው እሷ ናት።

የጀሞዋ እናት — ጳጉሜን 3

ዛሬ ሩፋኤል ነው። 6 ሰዓት ላይ ዘነበ። አማቴ ከእኛ ጋር ናቸው፤ ከቡሄ ጀምሮ እኛ ጋ ናቸው። «የሩፋኤል ዝናብ ጸበል ነው፤ አውጫቸው» አሉኝ። አራት ፎቅ ወርደን ወጣን። የብሎኩ ልጆች በሙሉ ሜዳው ላይ ነበሩ። ትንሿ ልጄ እጆቿን ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ ትዞራለች። ዓይኗ ውስጥ ሲገባ ትጨፍነዋለች፣ ደግሞ ትከፍተዋለች። እኔ በረንዳው ሥር ፎጣ ይዤ ቆሜ ነበር። አማቴ ፎጣውን ተቀበሉኝና ገፋ አደረጉኝ። ገባሁበት።

አሁን ሁላችንም ደርቀን ሽሮ እየበላን ነው።

ትምህርት ሳይከፈት አንድ ጊዜ እንውጣ ብዬ አስቤያለሁ። መስከረም 4 እሑድ፣ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል። 705 ሄክታር ነው፤ ለሁላችንም ይበቃል። አደይ አበባም ይኖራል። ምግባችንን ይዘን፣ 3 ሰዓት ላይ በሩ ጋ እንገናኝ። የተነጠፈ መንገድ እስከ የት እንደሚደርስ ቀደም ብዬ ሄጄ አይቼ እነግራችኋለሁ፤ ደርባባ፣ ያላንቺ አይሆንም። አባቴ፣ እርስዎም ገበጣውን ይዘው ይምጡ። ማን ማን አለ?

አባት ከሰሚት — ጳጉሜን 3

እኔና ልጄ አለን። ቆሎውና ሙዙ በእኛ ነው። ካልሲም ይዘናል።

አያት ነኝ — ጳጉሜን 4

እመጣለሁ። ባቄላውን የልጅ ልጄ ቆጥራ አስቀምጣለች። ዳገት ካለ ግን የሚደግፈኝ አንድ ጎበዝ መድቡልኝ።